ሽጉጡ መጨረሻ ላይ ይመረጣል፦ በአሜሪካ የመጀመሪያ ሽጉጥ ለመግዛት ለሚያስቡ ወገኖች

ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊቱን ብቻውን የሚያድር፣ ሱቁን እኩለ ሌሊት ቆልፎ የቀኑን ገቢ ይዞ ወደ መኪናው የሚሄድ፣ ወይም የጎረቤቱ ቤት ተሰብሮ ያደረበት ሰው አንድ ቀን «ሽጉጥ ልግዛ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ መሸጫ ሱቁም ሩቅ አይደለም። ችግሩ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» መሆኑ ነው። ጓደኛ የራሱን ይመክራል፤ ሻጭ ያለውን ያወድሳል፤ ገዢው በፊልም ያየውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሽጉጡ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ባለቤቱ አንዴም ሳይተኩስበት ዓመት ያልፋል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። በዚህ መመሪያ ሽጉጡ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሕጉን፣ ቤትዎንና እጅዎን አስቀድመው ከጠየቁ የሚቀሩት አማራጮች ጥቂት ናቸው፤ ምርጫውም ያን ያህል አያስጨንቅም።

1. ለምን እንደፈለጉት ይወስኑ

ሽጉጡ ከቤት የማይወጣ ነው? ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ ነው? ወይስ ወገብዎ ላይ ታጥቀውት የሚውሉት? ለቤት የሚሆነው ትልቅና ከበድ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመተኮስ ይቀላልና። ልብስ ሥር የሚያዘው ትንሽና ቀላል መሆን አለበት፤ ትንሽ ሽጉጥ ግን እጅ ላይ ይራገጣል፣ ለጀማሪም ያስቸግራል። ሁሉንም በአንድ ሽጉጥ አገኛለሁ ያለ ሰው ለአንዱም የማይመች ይዞ ይገባል።

ለአሽከርካሪዎች አንድ ነገር አስቀድሞ መባል አለበት። ኡበርም ሊፍትም በሥራ ላይ ያለ ሹፌር መኪናው ውስጥ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ። የስቴቱ ፈቃድ ቢኖርዎትም መተግበሪያው ሊዘጋብዎት ይችላል። ሽጉጡን የፈለጉት ለዚህ ሥራ ብቻ ከሆነ ገንዘብዎን በካሜራ ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

የሱቅ ባለቤት ከሆኑም ይህን ልብ ይበሉ፦ በአብዛኞቹ ስቴቶች ሰው ላይ መተኮስ የሚፈቀደው የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት እዚያው በዚያው አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። ገንዘቡን አንሥቶ የሚሮጥን ሌባ ከጀርባው የመታ ባለሱቅ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። እንደ ሜሪላንድ ባሉ ስቴቶች ከቤትዎ ውጭ ሳሉ በሰላም ማምለጥ ከቻሉ ሕጉ ማምለጥን ያስቀድማል። ስለዚህ ካዝናው ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ብቻ መተው፣ ጥሩ መብራትና ጠንካራ በር ከሽጉጡ በፊት ይመጣሉ።

2. መግዛት ይፈቀድልዎት እንደሆነ ያረጋግጡ

የፌዴራሉ ሕግ መሠረት የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሽጉጡን መረከብ የሚችሉት ደግሞ በሚኖሩበት ስቴት ካለ ነጋዴ ነው፤ የቨርጂኒያ ነዋሪ ጆርጂያ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ከዚያ ገዝቶ አይመለስም።

ሱቁ ውስጥ 4473 የሚባል ቅጽ ይሞላሉ። ነጋዴው በእሱ ላይ ተመሥርቶ የወንጀል ታሪክዎን ያስጣራል፤ ይህ የማጣሪያ ሥርዓት ከ1998 ጀምሮ ይሠራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል፤ ካርዱንና አሁን የሚኖርበትን አድራሻ የያዘ መታወቂያ ማምጣት አለበት። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። የጥገኝነት ጥያቄ አቅርበው ውሳኔ እየጠበቁ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ቅጹን አይንኩ።

ብዙዎች የሚዘነጓቸው ሁለት መከልከያዎች አሉ። በትዳር ጓደኛ ላይ በተፈጸመ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ወንጀሉ በቀላል ደረጃ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ፣ ከ1996 ወዲህ መሣሪያ መግዛትም መያዝም ተከልክሏል። ማሪዋና የሚጠቀም ሰውም በስቴቱ ሕጋዊ ቢሆንለት ቅጹ ራሱ በፌዴራል ሕግ ክልክል መሆኑን ያስጠነቅቀዋል። ቅጹ ላይ መዋሸት ከባድ ወንጀል ነው።

«በስምህ ግዛልኝ» የሚል ዘመድ ከመጣ እምቢ ይበሉ። አብራምስኪ የተባለ የቨርጂኒያ ነዋሪ፣ የቀድሞ ፖሊስ፣ ቅናሽ ስለሚያገኝ ፔንሲልቬኒያ ለሚኖር አጎቱ ግሎክ 19 ገዛለት። አጎቱ ገንዘቡን አስቀድሞ በቼክ ልኮለት ነበር። ሁለቱም መግዛት የሚፈቀድላቸው ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ቅጹ ላይ «እውነተኛው ገዢ እኔ ነኝ» ብሎ ስለፈረመ ተፈረደበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 ፍርዱን አጸናው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሌላ ሰው በሽፋን መግዛትን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል።

ዜግነት ላላገኘ ሰው ቅጣቱ በእስር አያበቃም። የኢሚግሬሽን ሕጉ የመሣሪያ ሕግ ጥሶ የተፈረደበትን ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ለዜጋ ቅጣት ከፍሎ የሚታለፍ ጥፋት ለእርስዎ ከቤተሰብ የሚለይ ሊሆን ይችላል።

3. የስቴትዎን ሕግ ያንብቡ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር ክስ ቤት ውስጥ ሽጉጥ መያዝን፣ በ2022 በብሩን ክስ ደግሞ ከቤት ውጭ መያዝን የግለሰብ መብት ብሎታል። ዝርዝሩ ግን በየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ሽጉጥ ከመግዛት በፊት የአራት ሰዓት ስልጠናና የጣት አሻራ የሚጠየቅበት የብቃት ፈቃድ ትፈልጋለች፤ ከዚያ ሰባት ቀን ታስጠብቃለች። ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዱን ሽጉጥ ፖሊስ ዘንድ ታስመዘግባለች። ካሊፎርኒያ 10 ቀን፣ ኮሎራዶ ሦስት ቀን ያስጠብቃሉ። ሚኒሶታ የመግዣ ፈቃድ ትጠይቃለች። ቴክሳስ ከመስከረም 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሕግ ካልከለከለው በቀር ያለ ፈቃድ እንዲታጠቅ ፈቅዳለች።

መግዛትና ታጥቆ መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአንዱ ስቴት የመታጠቂያ ፈቃድ ድንበር ሲሻገር ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የቨርጂኒያ ፈቃድ የያዘ ሰው ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በዉድሮ ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ ሲሻገር፣ ወይም ወደ ዲሲ ሲገባ፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ከሆነ ሕግ ጥሷል፤ ሁለቱም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። ቨርጂኒያ እየኖሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚሠሩና በየቀኑ ለሚመላለሱ ሰዎች ይህ ጉዳይ ትልቅ ነው።

ሕጎቹ በየዓመቱ ስለሚሻሻሉ ከመግዛትዎ በፊት የስቴትዎን ፖሊስ መረጃ ራስዎ ይመልከቱ።

4. ቤቱን አስቀድመው ያዘጋጁ

አሜሪካ ውስጥ በ2022 በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,204 ሰዎች መካከል 27,032ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሽጉጥ ወደ ቤት ሲገባ አብሮ የሚገባው ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ ስለ ሌባው ስናወራ እንዘነጋዋለን። በቤትዎ ውስጥ በጭንቀት፣ በመጠጥ ወይም በትዳር ጠብ የሚሠቃይ ሰው ካለ፣ ያ ሰው እርስዎም ቢሆኑ፣ ግዢውን ያቆዩት። 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት ደውለው ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ልጅ ላለበት ቤት መሸሸግ ጥበቃ አይደለም። ልጆች ቁም ሣጥን አናት ላይ ያለውን ከረሜላ እንደሚያገኙት ሽጉጡንም ያገኙታል። የሚያስፈልገው ከግድግዳ ወይም ከአልጋ እግር ጋር የሚታሰር፣ በቁጥር ቁልፍ በፍጥነት የሚከፈት የብረት ሣጥን ነው። ሣጥኑን ከሽጉጡ በፊት ይግዙ። ነጋዴው ከሽጉጡ ጋር መቆለፊያ እንዲሰጥዎት ሕጉ ያስገድደዋል፤ ያ ግን ለመነሻ እንጂ በቂ አይደለም። ሜሪላንድን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ መተው ወንጀል ነው።

5. ከመግዛትዎ በፊት ይሠልጥኑ

በየከተማው የዒላማ መተኮሻ ማዕከላት ለጀማሪ የሚሆን የግማሽ ወይም የሙሉ ቀን ትምህርት ይሰጣሉ፤ ሽጉጥም ያከራያሉ። አገር ቤት የአባቱን ምንሽር ወይም ክላሽ የተኮሰ ሰውም ቢሆን ይህን አይዝለለው፤ አጭር አፈሙዝ ያለው መሣሪያ በትንሽ የእጅ መታጠፍ አቅጣጫው ይዞራል።

የመጀመሪያው ትምህርት አራቱ ደንቦች ናቸው። ማንኛውንም ሽጉጥ ጥይት እንደጎረሰ ይቁጠሩት። አፈሙዙን ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር በፍጹም አያዙሩ። ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ። ዒላማዎንና ከዒላማው ጀርባ ያለውን ይወቁ። በአፓርትመንት ለሚኖር ሰው አራተኛው ደንብ የተለየ ክብደት አለው፤ የሽጉጥ ጥይት ስስ የጂብሰም ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ክፍል ይገባል።

ጆሮዎንና ዓይንዎን ይሸፍኑ። የተኩስ ድምፅ እስከ 160 ዴሲቤል ይደርሳል፤ አንድ ቀን ብቻ ሳይሸፍኑ መተኮስ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል።

6. ዓይነቱን ይለዩ

ለጀማሪ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። ተሽከርካሪው ሽጉጥ፣ ሪቮልቨር የሚባለው፣ አምስት ወይም ስድስት ጥይት በሚዞር ከበሮ ውስጥ ይይዛል። መጉረሱ በዓይን ይታያል፤ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው። በአንጻሩ ምላጩ ከባድ ነው፤ የጀማሪን እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ጥይቱንም ያስታል።

ሁለተኛው በካዝና የሚጎርሰው ከፊል አውቶማቲክ ነው። 10፣ 15 ወይም ከዚያ በላይ ጥይት ይይዛል፤ ምላጩ ይለሰልሳል፤ ርግጫውም ይቀላል። ነገር ግን ስላይዱን፣ ማለትም የላይኛውን ተንሸራታች ብረት፣ ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል ጉልበትና ዘዴ ይፈልጋል። እጅዎ ልል ከሆነም ቀለሁ በትክክል ሳይወጣ ሊሰነቀር ይችላል። ካዝናው ስለወጣ ብቻ ባዶ ነው ብለው አይመኑ፤ አንዱ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጎርሶ ሊቀር ይችላልና ስላይዱን ስበው በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። «ባዶ መስሎኝ» የሚባለው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ልምምድ ለማድረግ ቃል ለሚገባ ሰው ከፊል አውቶማቲኩ ይሻላል።

7. ካሊበሩ 9 ሚሊ ሜትር ይሁን

ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ ጥይቱ ውፍረት፣ ክርክሩ ብዙ ነው፤ ለጀማሪ ግን መልሱ አጭር ነው። 9 ሚሊ ሜትር በየሱቁ ይገኛል፣ ከሌሎቹ ይረክሳል፣ ርግጫውንም አብዛኛው ሰው ይችለዋል። ለዓመታት 40 ካሊበር ይጠቀም የነበረው ኤፍቢአይ እንኳ በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል። 45 ካሊበር «አንዴ ከመታ ይበቃል» እየተባለ ይወደሳል፤ ሁለተኛውን ጥይት ዒላማ ላይ ማሳረፍ ካልቻሉ ግን አይጠቅምዎትም። የእጅ ቁርጥማት ላለበት ወይም ጉልበቱ ለደከመ ሰው 380 ካሊበር ይመከራል። 22 ካሊበር ለልምምድ እንጂ ለመከላከያ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

8. በእጅዎ ይለኩት

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ሲሰጥዎት፣ እርስዎም ራስዎ ያረጋግጡና እነዚህን በቅደም ተከተል ይሞክሩ።

ሀ. አያያዝ፦ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለውን የእጅዎን ሥጋ እጀታው የላይኛው ጫፍ ላይ አጥብቀው ያስገቡ። በርሜሉ ከክንድዎ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ከሠራና የጠቋሚ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ካረፈ ልኩ ነው። ምላጩ ጋር ለመድረስ ሽጉጡን እጅዎ ውስጥ ማዞር ካስፈለገዎት መልሰው ይስጡት።

ለ. ስላይዱ፦ ክንድዎን ዘርግተው አይሳቡ። ሽጉጡን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፣ አፈሙዙ ወደ ደህናው አቅጣጫ ይሁን፤ የስላይዱን ጀርባ በሙሉ መዳፍዎ ጨብጠው፣ በአንድ ጊዜ እጀታውን ወደፊት እየገፉ ስላይዱን ወደ ኋላ ይሳቡ። «ጉልበት የለኝም» ያሉ ብዙ ሴቶች ይህን ካወቁ በኋላ ያለ ችግር ያቀባብላሉ። ሆኖም ዘዴውን አውቀው ከታከቱ ሌላ ይሞክሩ።

ሐ. ማነጣጠሪያው፦ የፊተኛው ጉብታ በመነጽርዎ ጥርት ብሎ ይታይዎታል? ካልታየዎት ሽጉጡ ቢያምርም ለእርስዎ አይሆንም።

መ. ተኩሱ፦ የወደዱትን ሁለት ሦስት ሽጉጥ ተከራይተው በየአንዳንዱ ሃምሳ ያህል ጥይት ይተኩሱ። ዒላማውን 7 ያርድ ላይ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ያድርጉት። መሐሉን መምታት አያስጨንቅዎ፤ ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ካረፉ ጥሩ ነው። በቀኝ እጅዎ የሚተኩሱ ከሆነና ቀዳዳዎቹ ወደ ታችና ወደ ግራ ከተሰበሰቡ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን ምላጩን የመመንጨቅ ልማድ ነው፤ አሠልጣኙ ያርምዎታል። በመጨረሻም እጅዎ አሞት «ይብቃኝ» ካለዎት ያንን ሽጉጥ አይግዙ፤ የሚያሳምም ሽጉጥ ልምምድ ያስጠላል።

9. አሁን ይምረጡ

እስከዚህ ከመጡ የሚቀሩት ዓይነቶች የታወቁ ናቸው። ለቤትም ለወገብም መካከለኛ የሆነው ግሎክ 19 ነው፦ 9 ሚሊ ሜትር፣ 15 ጥይት፣ ባዶውን ከነካዝናው 670 ግራም ገደማ። በጣት የሚገፋ የደህንነት ቁልፍ የለውም፤ ጣትን ከምላጩ የማራቅ ልማድ ያልያዘ ሰው ይህን ያስብበት። ስላይድ መሳብ ለሚቸግረው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ ሆን ተብሎ ላልቶ የተሠራ ነው፤ በ380ም በ9 ሚሊ ሜትርም ይገኛል፤ ስምንት ጥይት ይይዛል፤ እጀታው ካልተጨበጠ አይተኩስም። ልብስ ሥር ለመያዝ በ2018 የወጣው ሲግ ሳወር ፒ365 በትንሽ አካሉ 10 ጥይት ይይዛል፤ ልምምድ ግን ይጠይቃል።

«ለሴት ትንሽ ይበቃታል» ብለው ሻጮች የሚያቀርቧቸውን ይጠንቀቁ። ሩገር ኤልሲፒ ከ300 ግራም በታች ነው፤ ባለ አምስት ጥይቱ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ሪቮልቨርም 400 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱም ለመያዝ ይቀላሉ፣ ለመተኮስ ይከብዳሉ። የልምድ ሰው መሣሪያዎች ናቸው።

ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ነጋዴዎች ስቴቱ ካጸደቀው ዝርዝር ውጭ አዲስ ሽጉጥ እንዲሸጡ አይፈቅዱም፤ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝናም በሁለቱ ስቴቶች አይሸጥም። የመረጡት ከዝርዝሩ ውስጥ መሆኑን ይጠይቁ።

ጥሩ አዲስ ሽጉጥ ከ400 እስከ 650 ዶላር ይገኛል። ያለዎትን በጀት ሁሉ ግን በሽጉጡ አይጨርሱ። ሣጥኑ፣ የጆሮ መሸፈኛው፣ ትምህርቱና የልምምድ ጥይቱ ተደምረው የሽጉጡን ዋጋ ያህላሉ። 1,000 ዶላር ያለው ሰው የ500 ዶላር ሽጉጥ ይግዛ።

10. ከገዙ በኋላ

ለልምምድ ተራውን የመዳብ ልባስ ጥይት፣ ለመከላከያ ጫፉ ክፍት የሆነውን ይጠቀሙ፤ ሁለተኛው ሰውነት ውስጥ ስለሚሰፋ አልፎ ሌላ ሰው የመምታት ዕድሉ ያነሰ ነው። የመከላከያውንም ጥይት አንድ ሁለት ካዝና ተኩሰው ሽጉጥዎ ሳይሰነቅር መጉረሱን ያረጋግጡ። በወር አንድ ቀን ይለማመዱ፤ ከተኮሱ በኋላ ያጽዱት፣ ዘይት ይቀቡት።

ፈቃድ አውጥተው የሚታጠቁ ከሆነ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ይግዙ። በቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር የሚንከባለል ሽጉጥ ራሱን ባለቤቱን ሊመታ ይችላል።

ፖሊስ ሲያስቆምዎ ሁለቱንም እጆችዎን መሪው ላይ ያድርጉ፤ መሣሪያ እንዳለዎት በረጋ ድምፅ ይናገሩ፤ ሳይባሉ ወደ ኪስዎም ወደ መሳቢያውም አይዘርጉ። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ፈቃድ ያለው ጥቁር አሜሪካዊ መሣሪያ መያዙን ለፖሊሱ ነግሮት ሳለ ተተኩሶበት ሞቷል፤ ፖሊሱም በነጻ ተለቋል። ጥንቃቄ ሁልጊዜ አያድንም፤ ታጥቀው ለመውጣት ሲያስቡ ይህንም ከሒሳቡ ውስጥ ያስገቡ።

በአጭሩ፦ ሣጥን ለመግዛት፣ ለመሠልጠንና በየወሩ ለመለማመድ ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሰው ሽጉጥ ባይገዛ ይሻለዋል፤ ጠንካራ በር፣ ጥሩ መብራትና ካሜራ የበለጠ ይጠብቁታል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ከሆኑ ግን እጅዎ ላይ ልክ የሆነ፣ ደጋግመው ለመተኮስ የማይሰለቹት 9 ሚሊ ሜትር ይምረጡ፤ ስሙ ምንም ይሁን።